የንድፍ ግምገማ ምንድን ነው?

የንድፍ ግምገማ ማለት አንድ ሕንፃ የግንባታ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት፣ ከአልሚውም ከፈቃድ ሰጪውም ነጻ የሆኑ ባለሙያዎች ንድፉን ተመልክተው፣ ሕንፃው ለሚቆምበት ቦታ የሚበጅ መሆን አለመሆኑን የሚመክሩበት ሥርዓት ነው። ዓምዱ ሸክሙን ይችላል ወይ፣ የእሳት መውጫው በቂ ነው ወይ የሚሉት ጥያቄዎች የዚህ ሥርዓት ድርሻ አይደሉም፤ እነርሱ በግንባታ ሕግ የሚመረመሩ ናቸው። የንድፍ ግምገማ የሚጠይቀው፣ ደንቡን ሁሉ ያሟላው ሕንፃ ጎረቤቱን፣ እግረኛውንና አደባባዩን ምን ያደርጋቸዋል የሚለውን ነው። ጥያቄው በመሀል ከተማ ይበልጥ የሚከብደው፣ ሕንፃው ውስጥ ከሚሠሩትና ከሚኖሩት ይልቅ በአጠገቡ የሚያልፉት እጅግ ስለሚበዙ ነው። እነዚህ አላፊዎች ገዥም ተከራይም ባለመሆናቸው በአልሚውና በደንበኛው መካከል በሚፈረመው ውል ላይ ምንም ድምፅ የላቸውም።

ስለ አዲስ ሕንፃ በአደባባይ የሚደረገው ክርክር ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ነገሮች ላይ ተወስኖ ይቀራል፤ አንዱ ቁመቱ፣ ሁለተኛው በኮምፒውተር ተሠርቶ በሚሰራጨው ምስል ላይ የሚታየው መልኩ ነው። አንዱ ወገን «አስቀያሚ ነው» ሲል ሌላው «ዘመናዊ ነው» ይላል፤ ሁለቱም የሚያዩት ማንም እግረኛ ሊያየው የማይችለውን፣ ከወፍ በረራ ከፍታ የተነሣ ሥዕል ነው። ጥሩ የንድፍ ግምገማ ክርክሩን ከዚያ ከፍታ አውርዶ፣ ሕንፃው ከመንገዱ ጋር ወደሚገናኝበት ወደ ታችኞቹ ሁለት ሦስት ፎቆች የሚያመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። የሕንፃዎች መሠረታዊ ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነውና።

ሥርዓቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ለምን እንዳስፈለገም ያስረዳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ ዋሽንግተን ከተማ በ1910፣ በብሪታንያ ደግሞ በ1924 ስለ ሕንፃና ስለ ሐውልት የሚመክሩ የሥነ ጥበብ ኮሚሽኖች ተቋቁመው ነበር፤ የሁለቱም ዋና ጉዳይ የመንግሥት ሥራዎች ክብር ነበር። የግል ሕንፃ የሕዝብ ጉዳይ መሆኑን በጉልህ ያሳየው በ1915 በኒውዮርክ የተጠናቀቀው ኢኩዊተብል የተባለው ሕንፃ ነው። ይህ ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ሳይሸሽ ቀጥ ብሎ በመውጣቱ፣ የወለሎቹ ድምር ስፋት የቆመበትን መሬት 30 እጥፍ ያህል ሆነ፤ ጎረቤቶቹንም በጥላ ሸፈናቸው። ከተማዋ በማግሥቱ ዓመት ባወጣችው የዞን ደንብ ሕንፃዎች ከፍ እያሉ ሲሄዱ ደረጃ በደረጃ ወደ ውስጥ እንዲሸሹ አስገደደች።

ያ ደንብ በቁጥር የሚለካ ነበር፤ ቁጥር ደግሞ የራሱ ወሰን አለው። በ1958 እዚያው ኒውዮርክ ውስጥ በአርክቴክት ሚስ ቫን ደር ሮኸ የተነደፈው የሲግራም ሕንፃ ከፊቱ ሰፊ ክፍት አደባባይ ትቶ ሲቆም እጅግ ተወደደ፤ ከተማዋም በ1961 በተሻሻለው ደንብ አደባባይ ለሚተው አልሚ ተጨማሪ ወለል እንዲገነባ ፈቀደች፤ ጭማሪው ጥቅጥቅ ባሉት አካባቢዎች ለእያንዳንዱ ስኩዌር ጫማ አደባባይ እስከ 10 ስኩዌር ጫማ ይደርስ ነበር። አልሚዎች ስጦታውን በደስታ ተቀበሉ፤ አደባባዮቹም ተሠሩ። ነገር ግን ብዙዎቹ መቀመጫ የሌላቸው፣ ፀሐይ የማይደርስባቸው፣ አንዳንዶቹም ሰው እንዳይቀመጥባቸው ሆን ተብሎ ሹል ብረት የተተከለባቸው ነበሩ። ዊሊያም ኋይት የተባለው ተመራማሪ በ1970ዎቹ አደባባዮቹን በካሜራ እየቀረጸ ካጠና በኋላ ያቀረበው ግኝት በጣም ቀላል ነበር፤ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። በ1975 ደንቡ ተሻሽሎ መቀመጫን ግዴታ አደረገ። የስኩዌር ጫማ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ቦታው ባዶ የቀረው፣ ንድፉን ከእግረኛው አንጻር እንዲመለከት የተመደበ ሰው ስላልነበረ ነው። የንድፍ ግምገማ የሚሞላው ይህን ክፍተት ነው።

ገምጋሚዎች መጀመሪያ ሊጠይቁት የሚገባው ሰነድ የመሬት ወለሉን ፕላን ነው። መግቢያ አዳራሹ፣ የመኪና ማቆሚያው መውረጃ፣ የጄኔሬተርና የትራንስፎርመር ክፍሉ፣ የቆሻሻ ማውጫው፣ የዕቃ ማራገፊያው ሁሉ መንገድ ዳር መውጣት ይፈልጋሉ፤ ንድፉ ሳይታሰብበት ከተሠራም እነዚህ ክፍሎች የሕንፃውን ዙሪያ ተከፋፍለው ለእግረኛው የሚተርፈው ግድግዳና የብረት በር ብቻ ይሆናል። ዴንማርካዊው አርክቴክት ያን ጌል ለዓመታት ባደረገው ምልከታ፣ ሕያው ብሎ የመደበው መንገድ በየ100 ሜትሩ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ መደብሮችና በሮች ያሉት ነው። ስሌቱን በእግረኛ ፍጥነት ብናየው ትርጉሙ ይገባናል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው 100 ሜትር ለመጨረስ ከአንድ ደቂቃ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅበታል፤ እንግዲህ በየአራት ወይም በየአምስት ሰከንዱ አዲስ ነገር ያያል ማለት ነው። ያው ሰው 100 ሜትር በሚረዝም በአንድ ወጥ ጥቁር መስታወት አጠገብ ሲያልፍ የሚያየው የራሱን ምስል ብቻ ነው። መስታወቱ ውድ መሆኑ ወይም አርክቴክቱ ዝነኛ መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

የመሬት ወለሉ ከፍታም እንዲሁ ትኩረት ይሻል። ለሱቅ የሚሆን ወለል ከላይ ካሉት የመኖሪያ ፎቆች ከፍ ያለ፣ በአብዛኛው ከ4 ሜትር በላይ የሆነ ጣሪያ ይፈልጋል፤ አልሚው ወጪ ለመቆጠብ ወደ 3 ሜትር ካወረደው ያ ቦታ ወደፊትም ጥሩ ሱቅ አይወጣውም። ስለ ሕንፃው ቀለም የሚከራከሩት ሰዎች ይህን ቁጥር ሲጠይቁ አይሰማም፤ ነገር ግን ቀለም መቀየር ሲቻል የወለል ከፍታን ከተገነባ በኋላ መቀየር አይቻልም።

ረጃጅም ሕንፃዎችን በተመለከተ ከመሬት ወለሉ ቀጥሎ የሚመጣው የንፋስ ጉዳይ ነው። ንፋስ ከመሬት ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር ይፈጥናል፤ ሰፊና ጠፍጣፋ ፊት ያለው ሕንፃ ያን ፈጣን ንፋስ ሲጋፈጠው ከፊሉ ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርድና እግረኛ መንገዱ ላይ ሲደርስ በማዕዘኖቹ ዙሪያ ይበልጥ ይፈጥናል። በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ በ2007 የተጠናቀቀው፣ 112 ሜትር የሚረዝመው ብሪጅዋተር ፕሌስ አካባቢ ከፍተኛ የንፋስ ችግር ገጥሞ በ2011 ንፋስ የገለበጠው የጭነት መኪና አንድ እግረኛ ገድሏል፤ ከዓመታት በኋላም መንገዱ ላይ ግዙፍ የንፋስ መከላከያዎች ተተከሉ። ጉዳዩ በንድፍ ደረጃ ሳለ ቢሆን፣ ረጅሙን ግንብ ሰፋ ባለ ዝቅተኛ ሕንፃ ላይ ወደ ውስጥ አሽሽቶ ማቆም የሚወርደው ንፋስ እግረኛው ዘንድ ሳይደርስ በዝቅተኛው ሕንፃ ጣሪያ ላይ እንዲበተን ይረዳ ነበር። የካናዳዋ ቫንኩቨር በስፋት የምትታወቅበት የቀጭን ግንብና የዝቅተኛ መሠረት ጥምረት ከሚመሰገንባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው። ሲቲ የሚባለው የለንደን የፋይናንስ ማዕከል አስተዳደር በበኩሉ ስለ ንፋስ ጥናት ዝርዝር መመሪያ ያወጣው በ2019 ነው፤ ብዙዎቹ ግንቦች ከቆሙ በኋላ መሆኑ ነው።

ፀሐይም እንዲሁ ናት። በ2013 በለንደን ፌንቸርች ጎዳና ላይ በግንባታ ላይ የነበረው፣ 160 ሜትር ቁመት ያለው ሕንፃ ወደ ውስጥ የጎበጠ የመስታወት ፊቱ የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ መንገዱ ላይ በማሳረፉ የቆመ መኪና ክፍሎችን አቅልጧል፤ በኋላ የፀሐይ መከላከያ ተገጠመለት። የሕንፃው አርክቴክት የነደፈው ሌላ ጎባጣ ሆቴል ላስ ቬጋስ ውስጥ ተመሳሳይ ችግር ቀደም ብሎ አሳይቶ ነበር፤ ስለዚህ ከገምጋሚ አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር።

ቁመት ብቻውን ጥፋተኛ ሲደረግ ምን እንደሚከተል ፓሪስ ጥሩ ማሳያ ናት። በ1973 የተጠናቀቀው፣ 210 ሜትር የሚረዝመው የሞንፓርናስ ግንብ ባስነሣው ቁጣ የተነሣ ከተማዋ በ1977 የሕንፃ ቁመትን አጥብቃ ገደበች። ገደቡ የጥንቱን የከተማ መልክ ጠብቋል፤ ይህ አይካድም። ሆኖም ግንቡ የተጠላው ስለ ረዘመ ብቻ አልነበረም፤ ጥቁርና ወጥ ፊቱ፣ ከሥሩም ያለው የንግድ ማዕከልና ጠፍጣፋ ምንጣፍ የመሰለ ሜዳ ከአካባቢው መንገዶች ጋር አለመዋደዳቸውም ጭምር ነው። ይህ ሁሉ ከገደቡ በታች በሆነ ሕንፃም ላይ ሊደገም የሚችል ጥፋት ነው።

ገምጋሚዎች ምስል ሲቀርብላቸው ምን ማየት እንዳለባቸው ማወቅ የሙያው ግማሽ ነው። የሽያጭ ምስል ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በጀንበር መጥለቂያ ብርሃን የተሠራ ነው፤ ዛፎቹ የሃያ ዓመት ዕድሜ ያላቸው ይመስላሉ፣ ጎረቤት ሕንፃዎች ደብዝዘዋል፣ መኪናና ሽቦ የለም። ስለዚህ ጥሩ ገምጋሚ ከሰው ዓይን ከፍታ፣ ማለትም ከ1.6 ሜትር ገደማ የተነሣ፣ ደመናማ ቀንን የሚያሳይ ምስል ያስመጣል። ከምስሉም ይልቅ የግድግዳውን ዝርዝር ሥዕል ይጠይቃል፤ መስኮቱ ከግድግዳው ፊት 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ከገባ ጥላ ይጥላል፣ ፊቱም ጥልቀት ያገኛል፤ ከግድግዳው ጋር እኩል ከተለጠፈ ግን ያው ጡብ፣ ያው ቀለም ሆኖ ሳለ ሕንፃው ካርቶን ይመስላል።

ግምገማው መቼ ይካሄድ የሚለው ከማን ይገምግም ከሚለው አይተናነስም። አርክቴክቱ ገና በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ሳለ የሚሰጥ ምክር መግቢያውን ከአንድ መንገድ ወደ ሌላው ሊያዛውር፣ የሕንፃውን አቀማመጥ ሊያዞር ይችላል፤ ሥዕሎቹ ሁሉ ካለቁ በኋላ የሚመጣ ምክር ግን ከቀለምና ከመስታወት ዓይነት አያልፍም፤ አልሚውም የሚያየው እንደ መሰናክል ነው። ሥልጣንን በተመለከተ አብዛኞቹ ቡድኖች አማካሪዎች እንጂ ወሳኞች አይደሉም። በአውስትራሊያ ሲድኒ ያለው አሠራር ከዚህ ይለያል፤ በመሀል ከተማ ለሚገነቡ ትልልቅ ሕንፃዎች የንድፍ ውድድር እንዲደረግ ይጠየቃል፣ በውድድር የላቀ ንድፍ ያቀረበ አልሚም እስከ 10 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ ወለል ሊፈቀድለት ይችላል። ለእኔ ይህ መንገድ ከተራ ምክር ይሻላል፤ አልሚው የሚገባውን ቋንቋ፣ የስኩዌር ሜትርን ቋንቋ የሚናገር ነውና።

ሥርዓቱን የሚቃወሙ ሰዎች ቀላል የማይባል መከራከሪያ አላቸው። ግምገማ ጊዜ ይወስዳል፣ ጊዜ ደግሞ የብድር ወለድ ነው፤ ወጪው መጨረሻ ላይ የሚያርፈው በገዢውና በተከራዩ ላይ ነው። ጎረቤቶች በአካባቢያቸው መኖሪያ ቤት እንዳይሠራ ሲፈልጉ ተቃውሟቸውን የውበት ጥያቄ አልብሰው የሚያቀርቡበት ጊዜም አለ። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2017 ባወጣው ሕግ ለተወሰኑ የመኖሪያ ፕሮጀክቶች በሚለካ መስፈርት ብቻ እንዲገመገሙ የደነገገው ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የግምገማ መመሪያዎች «ትልቁን ግድግዳ ከፋፍሉት» ብለው ሲያዙ አርክቴክቱ አንዱን ሕንፃ በአራት ዓይነት ልባስና በአምስት ዓይነት ቀለም ጣጥፎ ያመጣዋል፤ መመሪያው ተሟልቷል፣ ሕንፃው ግን ከነበረው የባሰ ሆኗል። ጥፋቱ የገምጋሚው ነው፤ ልምድ ያለው ቡድን ቀላልና በሚገባ የተሠራ ግድግዳን ለማጽደቅ ድፍረት ሊኖረው ይገባል።

ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ችላ የሚባለው ነው። ኮንትራክተር ሲመረጥና በጀት ሲጠብ ወጪ የመቀነስ ሥራ ይጀመራል፤ ድንጋዩ በስስ ፓኔል ይተካል፣ የመስኮቱ ጥልቀት ከ20 ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ዛፎቹ ይቀነሳሉ። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ትንሽ በመሆኑ ማንም አያቆመውም። የእንግሊዝ ብሔራዊ የፕላን ፖሊሲ፣ የአካባቢ አስተዳደሮች የጸደቀው ንድፍ ጥራት ከፈቃድ እስከ ማጠናቀቂያ ድረስ በጉልህ እንዳይቀንስ እንዲጥሩ የሚያሳስበው ስለዚህ ነው። በተግባር የሚሠሩት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፤ ንድፉን ያወጣው አርክቴክት እስከ ፍጻሜው ሥራው ላይ እንዲቆይ ማድረግ፣ የግድግዳውን አንድ ቁራጭ በእውነተኛ መጠኑ ግንባታው ቦታ ላይ አሠርቶ ገምጋሚዎች አይተው እስኪያጸድቁት ድረስ ቀሪውን ልባስ ማገድ፣ እንዲሁም ሕንፃው ሥራ ከጀመረ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ቡድን ተመልሶ ሱቆቹ መከራየታቸውን፣ መቀመጫዎቹ መያዛቸውን፣ ማዕዘኑ ላይ ንፋሱ ምን ያህል እንደሆነ እንዲመለከት ማድረግ ናቸው። የመጨረሻው ከሦስቱ በጣም ርካሹ ሲሆን፣ በጀት ተይዞለት የሚከናወነው ግን ከስንት አንዴ ነው።