«የአፍንጫ ሥጋ»፦ ፖሊፕና ሌሎች የአፍንጫ እብጠቶች

አዳማ ላይ አፍንጫው የታፈነ ሰው መጀመሪያ ነፋሱንና አቧራውን ይከሳል፤ ቀጥሎ «ሳይነስ ነው» ይላል። ከተማዋ ነፋሻማ ስለሆነች ክሱ መሠረተ ቢስ አይደለም። መታፈኑ ከሦስት ወር ሲያልፍ ግን ውስጡን ማየት ይገባል።

ፖሊፕ የአፍንጫና የሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ አጥንት ውስጥ ያሉ ባዶ ክፍተቶች) ሽፋን ለረጅም ጊዜ ሲቆጣ የሚበቅል፣ ካንሰር ያልሆነ ለስላሳ እብጠት ነው። ልጣጩ የተገፈፈ የወይን ፍሬ ይመስላል፤ ግራጫማ ነው፣ ሲነካም አያምም። በመስታወት አይቶ «ሥጋ በቀለብኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያየው በተፈጥሮ ያለውን፣ ቀላ ያለና ሲነካ የሚያመውን የአፍንጫ እጥፋት ነው። ፖሊፕ ሽታን ቀስ በቀስ ይነጥቃል፤ ወጡ ማረሩን ጎረቤት መጥታ የምትነግራት ሴት ከዚህ ወገን ልትሆን ትችላለች። ከአስም ጋር ሲመጣ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አስሙን የሚያስነሱበት ሰው አለ።

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ «አንዱ ነው ወይስ ሁለቱም?» የሚለው ነው። ፖሊፕ በአብዛኛው በሁለቱም በኩል ይወጣል። በአንድ ወገን ብቻ ያለ፣ በተለይ የሚደማ እብጠት፣ ሌላ ነገር አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ፖሊፕ አይባልም፤ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ነስር የሚደጋግመው ጎረምሳ ወንድ ልጅ በደም ሥር የተሞላ እጢ ሊኖረው ስለሚችል ናሙና በችኮላ አይወሰድለትም። በጨቅላ ላይ የሚታይ እብጠት ከአንጎል ሽፋን የወረደ ሊሆን ይችላል፤ መርፌም መቆንጠጫም አይነካውም። ሕፃን በአንድ አፍንጫው ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ሲያወጣ ግን ጥርጣሬው ወደ ሽምብራ ወይም ወደ ጨሌ ነው።

በእጅ ባትሪ የሚታየው የአፍንጫ ደጃፍ ብቻ ነው። የአንገት በላይ ሐኪም በኢንዶስኮፕ፣ ማለትም መብራትና ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ቀዶ ሕክምና ከታሰበ ሲቲ ስካን ያዛል።

ሕክምናው ቁጣውን በሚያበርድ የስቴሮይድ ርጭትና በጨው ውኃ እጥበት ይጀመራል። ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ርጭቱን አንገት ወደ ኋላ ቀልሶ መንፋት መድኃኒቱን ወደ ጉሮሮ መላክ ነው፤ ጎንበስ ብሎ፣ የግራውን አፍንጫ በቀኝ እጅ፣ ጫፉን ወደ ውጨኛው ግድግዳ አዙሮ መርጨት ይሻላል። ለውጡ ሳምንታት ይወስዳል። በደቂቃ የሚከፍተው ጠብታ ግን ከጥቂት ቀናት በላይ ሲወሰድ መልሶ ያፍናል፤ ብዙ ሰው የሚጠመደው እዚህ ላይ ነው። ለአጭር ጊዜ የስቴሮይድ እንክብል ይታዘዛል፤ ስኳር ያለበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር። ይህ ሁሉ ካልረዳ ፖሊፑ በኢንዶስኮፕ ይወጣል። ከዚያ በኋላም ርጭቱ አይቋረጥም፤ መቀሱ ሥጋውን እንጂ ቁጣውን አይነቅልምና፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የሚበቅልባቸው ብዙ ናቸው።