«ወፍራሙን ስጠኝ» ለምትሉ ሹፌሮች

ኮምቦልቻ ላይ ጋራዥ ከፍቶ የሚሠራ ሰው ዘይት መቀየር አይሰለቸውም። የሚሰለቸው ክርክሩ ነው። አንዱ ኮፈኑ ሳይከፈት «ወፍራሙን አድርግልኝ፣ የኔ መኪና ባቲ ነው የምትሠራው» ይላል። ከደሴ የወረደው ደግሞ «እኛ ደጋ ነን፣ ቀጭን ይሻለናል» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አየሩ ነው። ሞተሩ ምን እንደሚፈልግ የጠየቀ የለም።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ዘይቱ ቶሎ ጠቆረ፣ ፎርጅድ ነው።» መጥቆሩ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ዘይት ጥቀርሻውን ከሞተሩ ላይ አንስቶ ሲይዝ ይጠቁራል፤ ሥራው ነው። ናፍጣ ከሆነማ በማግስቱ ቢጠቁርም አይግረምህ።

«ሲንተቲክ ማለት ቀጭን ማለት ነው።» አይገናኙም። ሲንተቲክ የዘይቱን አሠራር ነው የሚናገረው፣ ውፍረቱን የሚናገረው ጣሳው ላይ ያለው ቁጥር ነው። 20ደብሊው-50 የሚባለው ወፍራሙ ዘይት ራሱ ሲንተቲክ ሆኖ ይገኛል።

«የተለያየ ቁጥር ከተቀላቀለ ሞተር ይበላሻል።» መንገድ ላይ ዘይት ከጎደለብህ ያገኘኸውን የሞተር ዘይት ጨምረህ ጋራዥ ድረስ። ያለ ዘይት ከመንዳት በብዙ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ «ለቆላ ወፍራም፣ ለደጋ ቀጭን»።

ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚሆን ይናገራል። ብርድ ስል ደግሞ የኛን ብርድ አይደለም። 20ደብሊው ሞተር ለማስነሳት የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው። 15ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ላይ። ጉጉፍቱ ደጋ ላይ አድረህ ጥርስህ ቢንቀጫቀጭም እዚያ አትደርስም። ዝቅ ያለ ቁጥር ያለው ዘይት ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ቶሎ ወደየቦታው ይዳረሳል፣ ጥቅሙ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ያለው ውፍረት ነው። የቆላና ደጋው ነገር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። መኪናህ ቴርሞስታት፣ ማለትም የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠር ዕቃ አለው። ደሴም ሆነ ባቲ፣ ሞተሩ ሲሞቅ የራዲያተሩ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚቆየው። የደሴ ብርድ የሚያደርገው ነገር የማሞቂያውን ጊዜ ማርዘም ነው።

«እሺ፣ ግን ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል አይደል?» ይሄን ስሰማ ደሜ ይፈላል። አንዳንድ ባለሱቅ ዘይቱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሸት ያደርግና «አየኸው? ይሄ እኮ ውሃ ነው!» ይላል። ጣትህ 30 ምናምን ዲግሪ ነው። በጣት ታሽቶ የ100 ዲግሪ ውፍረት አይታወቅም።

ሞተር ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ በሚዞሩት ብረቶች መሃል ያለው ክፍተት ተለክቶ ነው። የዘይት ፓምፑም፣ ቪቪቲ-አይ (ቫልቩ የሚከፈትበትን ጊዜ በዘይት ግፊት የሚቀይር ሥርዓት) ያላቸው መኪኖች የዘይት መተላለፊያም እንደዚያው። ለ30 የተሠራ ቦታ ላይ 50 ስትጨምር ዘይቱ ለማለፍ ይቸገራል። የግፊት ጌጁ ከፍ ሲል ሹፌሩ ደስ ይለዋል። የቧንቧ አፍ በጣትህ ብትይዝም ግፊቱ ይጨምራል፤ ጀሪካንህ ግን ቶሎ አይሞላም።

ከሐይቅ አንድ ቪትስ መጥታልኝ ነበር። ጠዋት ስትነሳ ትንኳኳለች፣ የሀረጎን ዳገት ስትወጣ ጉልበት የላትም። የተሞላባት 20ደብሊው-50 ነው። የዘይት መሙያ ክዳኗ ላይ ግን 5ደብሊው-30 ተብሎ ተጽፏል! ክዳኑን በየጊዜው የሚከፍት ሰው እንዴት አያነበውም? አፍስሰን፣ ፊልትሮ ቀይረን የተጻፈውን ሞላን። መንኳኳቱ ጠፋ። ባለቤቱ ግን እንደፈራ ነው፤ «ውሃ ሆኖ ቢፈስስ?» አለኝ። አብሽር አልኩት።

ዘይት የሚበላ አሮጌ ሞተርስ? የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከፈቀደ ከ30 ወደ 40 ከፍ ማድረግ ይቻላል። 20ደብሊው-50 ራሱ የተፈቀደላቸው አሮጌ ሞተሮችም አሉ፣ ለነሱ ስጣቸው። ያለቀ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ግን በዘይት ውፍረት አይጠገንም፤ ጭሱ ለጊዜው ቀነስ ይል ይሆናል እንጂ። ያገለገለ መኪና ስትገዛ ይሄን አስብ። ቪትስ ላይ 50 ካገኘህ ሻጩን «ለምን?» በለው።

ጭነው በባቲ ወደ ሚሌ የሚወርዱ አይሱዙዎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ጭነት ዘይት ያሞቃል፣ አልክድም። አምራቹም ያውቃል፤ ለዚህ ነው ብዙ የናፍጣ ሞተር 15ደብሊው-40 የሚታዘዝለት። እነሱ ላይ ከቁጥሩ እኩል ጣሳው ላይ ኤፒአይ ከሚለው የጥራት ደረጃ ምልክት ቀጥሎ ያለውን ፊደል እዩ። ኤፒአይ ሲአይ-4 የናፍጣ ነው፣ ኤስኤን የቤንዚን።

«መጽሐፉ ጃፓንኛ ነው» ደግሞ ምክንያት አይሆንም። ቁጥሩ በጃፓንኛም ያው ቁጥር ነው።

በነገራችን ላይ፣ ስለ ቁጥር ከሚከራከሩኝ ስንቶቹ የዘይቱን መጠን ይለካሉ? ሜዳ ላይ አቁም፣ ሞተር አጥፋ፣ ትንሽ ጠብቅ። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተህ በጨርቅ ጥረግ፣ መልሰህ ክተት፣ ከዚያ እይ። ሀረጎ ዳገት ላይ አቁመህ የለካኸውን ይዘህ እንዳትመጣብኝ።