ሴክሽን 1983 ምንድን ነው?

1983 ሲባል የእኛ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ደርግ የወደቀበት ዓመት ነው። ይኼኛው ግን ዓመት ሳይሆን የአሜሪካ ሕግ አንቀጽ ቁጥር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ሥልጣኑን ይዞ ሕገ መንግሥታዊ መብቱን የጣሰበት ሰው በዚህ አንቀጽ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄዶ ይከሳል። እስረኞች ጠባቂውን፣ ነርሱን፣ የእስር ቤቱን ኃላፊ የሚከሱት በዚሁ ነው። የሚሠራው ለክፍለ ግዛትና ለካውንቲ እስር ቤቶች ነው። የፌዴራል እስረኛ ሌላ፣ በጣም ጠባብ መንገድ ነው ያለው።

ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። ያኔ ኩ ክለክስ ክላን የሚባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን ጥቁሮችን ሲያሸብር የደቡብ ባለሥልጣናት አይተው እንዳላየ ያልፉ ነበር። የእስረኛ መሣሪያ የሆነው ግን ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው።

ጋምብል የሚባለውን የቴክሳስ እስረኛ እንይ። በ1973 ከመኪና ጥጥ ሲያራግፍ 270 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጥቅል ወደቀበት። ወገቡን አመመው፤ በቂ ሕክምና አላገኘሁም ብሎ አቤቱታውን በእጁ ጻፈ። በ1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የእስረኛን ከባድ ሕመም እያወቁ ችላ ማለት ሕገ መንግሥቱ የከለከለው ጭካኔ ነው አለ። ጋምብል ራሱ ግን በሐኪሙ ላይ ያቀረበው ክስ ውድቅ ሆነበት፤ በሦስት ወር 17 ጊዜ ታይተሃል ተባለ። መንገዱን ጠርጎ ለሌላው ተወው ማለት ነው።

በ1996 ኮንግረስ በሩን አጠበበው። በእኔ እይታ ዛሬ ብዙውን ክስ የሚገድለው የማስረጃ እጥረት ሳይሆን ወረቀት ነው። እስረኛው መጀመሪያ እዚያው እስር ቤት ውስጥ የቅሬታ ቅጽ ሞልቶ፣ ይግባኙን ሁሉ መጨረስ አለበት። ቀኑ ካለፈበት ድብደባው እውነት ቢሆንም መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። 350 ዶላር የዳኝነት ክፍያም አለ፤ ለድሃው ከሚገባለት ገንዘብ 20 በመቶ በየወሩ እየተቆረጠ ይከፈላል። ሦስት ጊዜ ክሱ መሠረተ ቢስ ተብሎ የተጣለበት ደግሞ፣ ሕይወቱን ወይም አካሉን የሚያሰጋ አደጋ ካልተደቀነበት በቀር፣ ሙሉውን ቀድሞ ይከፍላል።

ፖስታውስ? እስረኛ ፖስታ ቤት አይሄድ። በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ የሌለው እስረኛ ይግባኙን ለእስር ቤቱ ሠራተኛ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ እንዳስገባ ይቆጠርለታል ብሎ ወሰነ። ብዙ ፍርድ ቤቶች ለአዲስ ክስም ይኼንኑ ይሠሩበታል። ስለዚህ ሰውየው ክሱን አሽጎ የሚሰጠው፣ አንዳንዴ ስሙ በተከሳሽነት ለተጻፈው ለዚያው ጠባቂ ነው።