ለአንድ ሰው "ዘይ" ማለት፦ እንግሊዝኛ ውስጥ ጾታ የማይለይ ተውላጠ ስም

እንግሊዝኛ ስንማር ሂ ለወንድ፣ ሺ ለሴት፣ ዘይ ደግሞ ለብዙ ሰው ብለን ነው የሸመደድነው። ችግሩ ወንድ ይሁን ሴት የማናውቀው ሰው ላይ ነው። ካፌ ውስጥ ስልክ ተረስቶ ቢገኝ እንግሊዞቹ ራሳቸው "ሰምዋን ፎርጎት ዜር ፎን" (የሆነ ሰው ስልኩን ረስቷል) ነው የሚሉት፣ ዜር የዘይ አገናዛቢ ነው፣ የረሳው አንድ ሰው እንደሆነ እያወቁ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ይሄ የዘመኑ ፋሽን ይመስለዋል፣ ግን ዘይ ለነጠላ ሰው ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል፣ እነ ሼክስፒርና ጄን ኦስተንም ተጠቅመውበታል። "ሂ ሁለቱንም ይወክላል" የሚለውን ደንብ ያስፋፉት በኋላ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሰዋስው መጽሐፍ የጻፉ ሰዎች ናቸው። የእንግሊዝ ፓርላማም በ1850 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሕግ ላይ በወንድ ጾታ የተጻፈ ቃል ሴትንም ይጨምራል ብሎ ደነገገ። ታዲያ በ1868 ከ5000 በላይ የማንቸስተር ሴቶች ይህንን ይዘው በመራጭነት እንመዝገብ ብለው ሲከራከሩ፣ ፍርድ ቤቱ የምርጫው ሕግ ላይ ያለው "ማን" (man፣ ወንድ ወይም ሰው) የሚለው ቃል እናንተን አይጨምርም ብሎ መለሳቸው። ግብር ሲከፈል ሂ ውስጥ አሉ፣ ድምፅ ሲሰጥ የሉም! ለኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም፣ ሂ መቼም ቢሆን ገለልተኛ ሆኖ አያውቅም።

አዲስ ቃል ለመፍጠርም ተሞክሯል። ቻርልስ ኮንቨርስ የሚባል አሜሪካዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን "ዞን" (thon) የሚል ተውላጠ ስም ፈጥሮ በ1934 ሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቶለት ነበር፣ የሚናገረው ሰው ስለጠፋ በ1961 ወጣ። ዘይ ግን ድሮም ሰው አፍ ላይ ስለነበረ ማንም ማስተማር አላስፈለገውም። በ2019 ይኸው መዝገበ ቃላት ራሳቸውን ወንድም ሴትም ብለው የማይጠሩ ሰዎች የሚጠሩበትን ትርጉም ጨመረ፣ የዓመቱ ቃል ብሎም መረጠው።

ተቃዋሚዎቹ ብዙ ቁጥር እንዴት ለአንድ ሰው ይሆናል ይላሉ፣ ዩ ራሱ ድሮ የብዙ ቁጥር እንደነበረና ዛው (አንተ ወይም አንቺ) የሚለውን ነጠላ ገፍቶ እንዳስወጣው ግን ይረሱታል። እኛም እኮ አንድ ትልቅ ሰው "እሳቸው መጡ" ስንል ግሱ የብዙ ነው፣ ወንድና ሴትም አይለይም፣ ማንም ግራ ገብቶት አያውቅም።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው፣ ግሱ ለአንድ ሰውም ቢሆን "ዘይ አር" እንጂ "ዘይ ኢዝ" አይባልም፣ ሰውየው በስሙ ሲጠራ ግን ወደ ኢዝ ይመለሳል።