የላይፕዚግ ጌቫንድሃውስ ኦርኬስትራ እና የኮንሰርት ወቅቱ

ላይፕዚግ የንጉሥ መቀመጫ ሆና አታውቅም፤ የንግድ ከተማ ናት። የጀርመን አሮጌ ኦርኬስትራዎች በብዛት ያደጉት በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ነው። የላይፕዚጉ ጌቫንድሃውስ ኦርኬስትራ ግን በከተማው ሰው ኪስ ቆመ። በማርች 1743 (እ.ኤ.አ.) 16 ነጋዴዎችና መኳንንት ገንዘብ አዋጥተው 16 ሙዚቀኞች ሰበሰቡ። ስሙንም «ታላቁ ኮንሰርት» አሉት። መጀመሪያ በግለሰብ ቤቶች፣ ቀጥሎ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ አዳራሽ ይጫወቱ ነበር።

ከቤተ መንግሥት ውጭ በከተማ ነዋሪዎች ከተመሠረቱት ኦርኬስትራዎች አንጋፋው እሱ ነው። በዕድሜ የሚበልጡት መኖራቸው እውነት ነው። የድሬስደኑ ለምሳሌ ከ1548 ጀምሮ አለ፤ እሱ ግን የቤተ መንግሥት ነበር።

በሰባቱ ዓመታት ጦርነት ኮንሰርቱ ተቋርጦ በ1763 ቀጠለ።

በ1781 ኦርኬስትራው የጨርቅ ነጋዴዎች ሕንፃ ውስጥ የራሱን አዳራሽ አገኘ። ዛሬ የሚጠራበት ስምም የዚያው ሕንፃ ስም ነው። አዳራሹ 500 ያህል ሰው ይይዝ ነበር። ወንበሮቹ ወደ መድረኩ አልዞሩም፤ ታዳሚው በሁለት ወገን ፊት ለፊት እየተያየ ነበር የሚቀመጠው። ቫዮሊንና ቪዮላ ተጫዋቾቹ ደግሞ ቆመው ይጫወቱ ነበር። ይህ ልማድ እስከ 1905 ዘልቋል። ግድግዳው ላይ የሮማዊው ፈላስፋ የሴኔካ ቃል በላቲን ተጽፎ ነበር፦ «እውነተኛ ደስታ ቁም ነገር ነው።» ጽሑፉ ኦርኬስትራው አዳራሽ በቀየረ ቁጥር አብሮት ሄዷል።

ወቅቱ የሚከፈተው በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ በቅዱስ ሚካኤል በዓል አካባቢ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ይዘጋል። ሁለቱም የከተማዋ ትልልቅ የንግድ ገበያዎች የሚውሉባቸው ሰሞኖች ናቸው። በዚህ መሀል ሐሙስ ሐሙስ 20 ያህል ኮንሰርቶች ይቀርባሉ። ለሙዚቀኞች ጡረታና ለድሆች መርጃ የሚሆኑ ተጨማሪ ምሽቶችም ነበሩ። ደንበኛው የወቅቱን ትኬት የሚገዛው አስቀድሞ ነው። ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የወቅቱ ገንዘብ ቀድሞ ስለሚገባ፣ ሰው ሰምቶት የማያውቅ ሥራ ማቅረብ ያን ያህል አያስፈራም። የቤትሆቨን አምስተኛ የፒያኖ ኮንቼርቶ (አንድ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሥራ) በኖቬምበር 28 ቀን 1811 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበው እዚህ ነው።

አቀናባሪው ፌሊክስ ሜንደልስዞን በኦክቶበር 1835 የኦርኬስትራው መሪ ሆኖ ሲመጣ ገና 26 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያ ኮንሰርቱን በራሱ ኦቨርቸር (የመክፈቻ ሙዚቃ) ጀመረ፤ የቤትሆቨንን አራተኛ ሲምፎኒም አቀረበ። ከሱ በፊት ሲምፎኒ የሚመራው የቫዮሊኖቹ አለቃ ነበር፣ ያውም ከመቀመጫው ሆኖ። ሜንደልስዞን ግን በትር ይዞ ፊት ቆመ። በዚህ የቀደሙት መሪዎች ሌላ ቦታ እንደነበሩ ይነገራል፤ ላይፕዚግ ላይ ግን ለውጡ የሱ ነው። ለሙዚቀኞቹ የደመወዝ ጭማሪ እንዲደረግ ተሟግቷል። ከባህ ጀምሮ በዘመን ቅደም ተከተል የተዘጋጁ «ታሪካዊ ኮንሰርቶች»ም አቅርቧል። ያኔ የሞቱ አቀናባሪዎችን ሥራ እንዲህ በሥርዓት ማሰማት የተለመደ አልነበረም።

የሹበርት ነገር ደግሞ ለብቻው ይነገር። የቪየናው አቀናባሪ ሹበርት በ1828 ሲሞት ትልቁ የሲ ሜጀር ሲምፎኒው በሕዝብ ፊት አልቀረበም ነበር። አቀናባሪው ሮበርት ሹማን ቪየና ሄዶ የሹበርት ወንድም ቤት ውስጥ ወረቀቱን አገኘው። ወደ ላይፕዚግ አስላከው። በማርች 21 ቀን 1839 ሜንደልስዞን መራው። ጥቂት ክፍሎቹ ተቀንሰዋል፣ ቢሆንም ተደመጠ። በ1841 የሹማን የራሱ የመጀመሪያ ሲምፎኒ ተከተለ። በ1842 የሜንደልስዞን «ስኮትላንዳዊ» ሲምፎኒ፣ በ1845 ደግሞ የቫዮሊን ኮንቼርቶው ቀረበ። ቫዮሊኑን የተጫወተው የኦርኬስትራው ፈርዲናንድ ዳቪድ ነው። ሜንደልስዞን ታሞ ስለነበር የመራው ዴንማርካዊው ኒልስ ጋደ ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሥራ ያዋለደ ሌላ አዳራሽ ማግኘት ከባድ ነው።

ታዳሚው ሁሌም ደግ አልነበረም። በጃንዋሪ 1859 የ25 ዓመቱ አቀናባሪ ብራምስ የመጀመሪያ የፒያኖ ኮንቼርቶውን ራሱ ሲጫወት ጥቂት እጆች ብቻ አጨበጨቡ፤ ወዲያው በፉጨት ተዋጡ። ብራምስ ግን አልራቀም። በጃንዋሪ 1 ቀን 1879 እዚያው የቫዮሊን ኮንቼርቶውን መራ፤ ቫዮሊኑን ዮአኺም ተጫወተ።

በ1884 ሰፊው ሁለተኛ አዳራሽ ተከፈተ። አርቱር ኒኪሽ ከ1895 እስከ 1922 መራ። በ1918 የዓመቱ የመጨረሻ ምሽት ላይ፣ የላይፕዚግ ሠራተኞች ማኅበር ባዘጋጀው ኮንሰርት፣ የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ መራ። በመጨረሻ መዘምራን የሚዘምሩት ክፍል እኩለ ሌሊት ላይ እንዲደርስ ታስቦ ዘግይቶ ነበር የተጀመረው። ዓመቱን በዘጠነኛው መዝጋት ከዚያ ወዲህ የኦርኬስትራው ወግ ሆነ።

በ1933 ናዚዎች መሪውን ብሩኖ ቫልተርን አይሁዳዊ በመሆኑ እንዳይመራ ከለከሉት። በ1936 በትውልዱ አይሁዳዊ የነበረውን የሜንደልስዞንን ሐውልት ከቦታው አስወገዱት። አዳራሹም በጦርነቱ በቦምብ ወደመ። ኦርኬስትራው እስከ 1981 በመካነ አራዊቱ የስብሰባ አዳራሽ ሲጫወት ቆየ።

ሦስተኛው አዳራሽ የያኔው መሪ የኩርት ማዙር ውትወታ ፍሬ ነው፤ 1,900 ያህል መቀመጫ አለው። በምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ላይ የተቃውሞ ሰልፍ በተጠራበት ኦክቶበር 9 ቀን 1989፣ ማዙር ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ሁከት እንዳይነሣ ጥሪ አቀረበ። ጥሪው በከተማው ድምፅ ማጉያዎች ተሰማ። 70,000 ያህል ሰው ለሰልፍ ወጣ፤ ጥይት አልተተኮሰም። በዚያው ምሽት ኮንሰርቱ ሳይሰረዝ ተካሄደ።

ከ2018 ጀምሮ መሪው አንድሪስ ኔልሶንስ ነው። ኦርኬስትራው 185 ያህል ሙዚቀኞች አሉት። ብዛቱ ያለ ነገር አይደለም፤ በአዳራሹ ብቻ ሳይሆን በከተማው ኦፔራና በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ከልጆቹ መዘምራን ጋርም ይጫወታል። ትልልቆቹ ኮንሰርቶች አብዛኛውን ጊዜ ሐሙስና አርብ ይደገማሉ። የወቅቱ ትኬትም ዛሬም አስቀድሞ ይሸጣል።