አነስተኛ ትራክተር ለመግዛት ላሰባችሁ የሰሜን ሸዋ ገበሬዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የበሬ ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ወጣቱ ከተማ ገብቷል፤ የቀን ሠራተኛም ቢገኝ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ከእነዋሪ እስከ አረርቲ «ትንሽ ትራክተር ብንገዛስ?» የሚለው ሰው ቢበዛ አይገርምም። እኔም ሐሳቡን ከልቤ እደግፋለሁ።

የማወራው ከ20 እስከ 50 ፈረስ ጉልበት ስላለው ባለ አራት ጎማ ትራክተር ነው። ሰው ከኋላው እየተራመደ የሚነዳው ባለ ሁለት ጎማው ራሱን የቻለ ወሬ ስለሆነ ዛሬ አልነካውም።

ገዝተው የረኩትን እና የሚቆጩትን ሰዎች አዳምጡ። ብዙ ጊዜ የገዙት ማሽን ተመሳሳይ ነው። የሚለያዩት ሲገዙ በጠበቁት ነገር ነው። የረካው ሰው ማሽኑ ምን እንደማይሠራ ቀድሞ ያውቃል። የሚቆጨው ደግሞ አንዱን ማሽን ለሁሉም ሥራ አስቦ ገዝቶታል። ገንዘቡ የብዙ ዓመት ላብ ነው፤ ለዚህ ነው ከታች ያሉትን አባባሎች አንድ በአንድ ማንሳት የፈለግሁት።

«35 ፈረስ ጉልበት ነው፤ 35ቱም ማረሻው ላይ ይደርሳል»

አይደርስም። ኮፈኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሞተሩ ነው፤ የተለካውም ለባሕር ወለል በቀረበ ቦታ አየር ነው። እኛ የምንኖረው ግን ከፍታ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ናፍታውን የሚያቃጥልበት ኦክስጅን ያንሰዋል። ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል ብላችሁ አስሉ። ደብረ ብርሃን ሲደርስ ከሩብ በላይ ሄዷል። 35 የነበረው 25 ወይም 26 ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ላይ ማርሹ የሚበላው አለ፤ ጎማው ሲንሸራተት የሚባክነው አለ። ማረሻውን ለመጎተት የሚተርፈው ከ15 እስከ 18 ቢሆን ነው።

ያው ማሽን ሸዋ ሮቢት ቢወርድ ሌላ ይመስላል። እዚያ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የሚያጣው 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የቆላው ዘመዳችሁ «የኔ እኮ እንደ ልቡ ያርሳል» ቢላችሁ አልዋሸም። ለመንዝ፣ ለባሶና ወራና ወይም ለአንጎለላና ጠራ የሚገዛ ሰው ግን በእሱ ምስክርነት ብቻ መወሰን የለበትም። ደጋ ላይ ተርቦ ያለው ሞተር ተጨማሪ ዋጋው ያዋጣል፤ ስስ አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ የሚያጣው ጉልበት በጣም ትንሽ ነው።

«በቀን ሦስት ሄክታር ያርሳል»

ይህን የሚላችሁ ሻጭ ምናልባት ስለ ትልቁ ትራክተር ነው የሚያወራው። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ለዚህ መጠን የሚሆነው ባለ ሁለት ዲስክ ማረሻ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በሰዓት 4.5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 2,700 ካሬ ሜትር ይሆናል። ግን ማሳችን ትንሽ ነው፤ ጫፍ ላይ መዞር አለ፣ ማረሻ ማንሳት አለ፣ ድንጋይ መሸሽ አለ። ለዚህ ሁሉ ሠላሳ በመቶ ቀንሱለት። በሰዓት 1,900 ካሬ ሜትር ይቀራል። አንድ ሄክታር ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቢሠራ አንድ ሄክታር ተኩል፣ ማለትም ስድስት ጥማድ ነው።

ስድስት ጥማድ ትንሽ አይደለም! ሁለት በሬ ከጠዋት እስከ ማታ ደክሞ አንድ ጥማድ ነው የሚያርሰው። ችግሩ ሦስት ሄክታር ብሎ ብድር የገባ ሰው ላይ ነው። ለእሱ ይኸው ጥሩ ሥራ እንደ ኪሳራ ይታየዋል።

«ፎር ዊል ስለሆነ ጭቃ አይዘውም»

የሞረትና ጅሩን ወይም የሲያደብርና ዋዩን ጥቁር አፈር የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ሙጫ ነው። ፎር ዊል የሚረዳው መሬቱ ሊታረስ የሚችል ሲሆን ነው፤ ያኔ የፊት ጎማውም ስለሚጎትት ጉልበት አይባክንም። በረጠበ ጥቁር አፈር ላይ ግን አራቱም ጎማ አንድ ላይ ይሰምጣል።

ከመስመጥ የከፋው ደግሞ ሳይሰምጥ ሲሄድ ነው። እርጥብ አፈር ላይ የሄደ ትራክተር ከታች ያለውን አፈር ይደፍቀዋል። ከዓመት ዓመት ሲደጋገም ከማረሻው ጥልቀት በታች ጠጣር ወለል ይሠራል። ሥሩ አይወርድም፤ ውሃው ይተኛል። ስንዴው ቢጫ ሲሆን ማዳበሪያው ነው የሚታማው።

መሬቱ ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ማረሻው ከሚደርስበት ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር አውጡ። ከላይ ያለው ስለሚያታልል እሱን ተዉት። በመዳፋችሁ መካከል አሹት። ተድቦልቡሎ እንደ እርሳስ ቀጭን ዘንግ ከሆነ ትራክተሩን አታስገቡ። እየተፈረፈረ እንቢ ካለ ግቡ። ነገ ሌላ ሰው ጋ ቀጠሮ አለኝ ብሎ እርጥብ ማሳ ውስጥ የሚገባ ባለ ትራክተር የሰው መሬት እያበላሸ ነው። ይህን ሳልለሳልስ ነው የምናገረው።

ትራክተር በጥልቀት ስላረሰ ብቻ ውሃ የሚጠፋ የሚመስለውም አለ። አይጠፋም። እነዋሪ አካባቢ ገበሬው ከነቤተሰቡ በእጁ ሰፊ መደብና ቦይ እየሠራ ውሃውን ያጠነፍፍ የነበረው በምክንያት ነው። ኋላ የመጣው፣ በበሬ የሚጎተተው ቢቢኤም የተባለው መደብ መሥሪያም ይህንኑ ሥራ ለማቅለል ነው። በትራክተር ካረሳችሁም በኋላ መደቡና ቦዩ ያስፈልጋል።

«በሬዎቹን ሸጬ ትራክተሩ ላይ እጨምራለሁ»

እባካችሁ በመጀመሪያው ዓመት አታድርጉት። እርከን ያለበት ተዳፋት፣ ድንጋያማው ማሳ፣ ትራክተር መዞሪያ የሚያጣበት ቁራጭ መሬት አሁንም የበሬ ነው። ክረምት ገብቶ ጥቁር አፈሩ ሲርስ የመጨረሻውን እርሻና የዘር ማልበሱን ማን ይሠራዋል? ትራክተሩ ጠንካራውን የመጀመሪያ እርሻ ሲወስድላችሁ በሬዎቹም ያርፋሉ፣ ይወፍራሉ። በሬ ማደለብ የሚያውቅ የጅሩ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። አንድ ሁለት ዓመት አብረው ይሥሩ። ስንቱ ማሳችሁ በእርግጥ ለትራክተር እንደሚመች ያኔ ታውቃላችሁ።

«ለጎረቤት እያረስኩ ዕዳውን እከፍላለሁ»

ብዙ ሰው የሚሰበረው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ለጎረቤት ማረስ ጥሩ ገቢ ሊሆን ይችላል። ግን የእርሻ ቀን አጭር ነው፣ ሁሉም ሰው የሚፈልጋችሁም በአንድ ሳምንት ነው። ለምሳሌ መሬቱ የሚመችበት 30 ቀን አለ እንበል። በቀን ስምንት ሰዓት ሲሆን 240 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ ከማሳ ማሳ መንገድ አለ። ናፍታ ፍለጋ ከተማ ወርዶ ወረፋ መጠበቅ አለ። የዝናብ ቀን፣ የበዓል ቀን፣ የብልሽት ቀን አለ። ግማሹ ቢተርፋችሁ 120 ሰዓት ነው። በሄክታር ከአምስት ሰዓት በላይ ስታካፍሉት 22 ሄክታር ገደማ ይወጣል። የባንክ ቤቱ ወይም የሊዝ ድርጅቱ ክፍያ በዚህ ካልተሸፈነ፣ አይሸፈንም።

ከገቢው ላይ የሚቀነሰውንም አትርሱ። ጥቁር አፈርን ለመጀመሪያ ጊዜ ማረስ በሄክታር ከ15 እስከ 25 ሊትር ናፍታ ሊጠጣ ይችላል። ናፍታ ከማደያ ሲጠፋ ከጥቁር ገበያ ነው የሚገዛው፤ ዋጋው ደግሞ ሌላ ነው። የሹፌር ደመወዝ አለ። ጎማ አለ። ዲስኩ ራሱ ያልቃል።

ሌላም አለ። ከምታርሱላቸው ሰዎች መካከል ስንቱ ነው እጅ በእጅ የሚከፍል? አማች አለ፣ አበልጅ አለ፣ የማኅበር ወንድም አለ። «ከመኸር በኋላ» ይላል፤ እናንተም እንቢ ለማለት ፊታችሁ አይፈቅድም። ይሉኝታው የኑሯችን አካል ነው፣ ክፉ ነው አልልም። ብቻ የብድሩ ወር ሲደርስ አበዳሪው አበልጃችሁ አይደለም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሒሳቡን በራሳችሁ መሬትና ቅድሚያ በሚከፍሉ ደንበኞች ብቻ ሥሩት። የዱቤው ሲመጣ ትርፍ ይሁን።

ደስ የሚለው ግን አነስተኛ ትራክተር ከእርሻ ውጭ ብዙ እንጀራ አለው። ተሳቢ ጎትቶ እህል፣ ገለባ፣ ድንጋይና አሸዋ ያመላልሳል። መውቂያ ያዞራል። የውሃ ፓምፕ ያንቀሳቅሳል። እርሻው በወራት ሲያልቅ ይህ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። ከረኩት ባለቤቶች ብዙዎቹ ገንዘቡን የመለሱት በማረሻው ብቻ አይደለም። ስለዚህ ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ አንድ መጠን ዝቅ ያለ ትራክተር ከተሳቢና ከመከስከሻ ጋር፣ ብቻውን ከቆመ ትልቅ ትራክተር ይሻላል ባይ ነኝ።

«አዲስ ነው፤ ሁለት ዓመት አይነካም»

አዲሱ ነው ይበልጥ የሚነካው። ብዙዎቹ አምራቾች የመጀመሪያውን የሞተር ዘይትና ፊልትሮ በ50 ሰዓት ቀይሩ ይላሉ፤ አዲስ ብረት ሲፋተግ የሚያወጣው ፍርፋሪ ዘይቱ ውስጥ ስለሚቀር ነው። ሰዓቱን ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቆጣሪ ይነግራችኋል። ግራሶ በሥራ ቀን በየጠዋቱ ነው።

የአየር ፊልትሮን ግን ለይቼ ላንሳ። ጤፍ ሲወቃ የሚነሳውን አቧራ ታውቁታላችሁ፤ ሰው እንኳ አፉን በነጠላ ነው የሚሸፍነው። ሞተሩም ያንኑ ነው የሚስበው። ብዙ ሹፌር የወረቀት ፊልትሮውን አውጥቶ ጎማው ላይ ጠብ ጠብ ያደርገዋል፤ አንዳንዱም በውሃ ያጥበዋል። ሁለቱም ወረቀቱን ይቀደዋል ወይም ያጣምመዋል። በዓይን በማይታይ ቀዳዳ የገባ አቧራ ሲሊንደሩን ይሞርደዋል። በዝቅተኛ ግፊት ከውስጥ ወደ ውጭ በአየር ንፉት፤ ካረጀ ለውጡት። አንድ ተለዋጭ ፊልትሮ ሁሌም ቤት ይኑር። የራዲያተሩን ገለባም በየማታው አራግፉ።

«የቻይና ይሰበራል፣ የህንድ ይሻላል፣ እንደ ድሮው ማሴ ፈርጉሰን የለም» የሚለው ክርክር ቡና ላይ ደስ ይላል እንጂ ለመግዣ አይረዳም። ይልቅ ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ የዚህ ማሽን የፍሪሲዮን ሸራ፣ ፊልትሮና የውሃ ፓምፕ አሁን መደርደሪያ ላይ አለ? አሳየኝ። መንገድ በተዘጋ ሰሞን ደብረ ብርሃን ላይ የሌለ ዕቃ የትም የለም።

«መኪና የሚነዳ ሰው ትራክተር አያቅተውም»

ይህኛው የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ትራክተር ከፍ ብሎ የቆመ፣ ክብደቱ ከላይ ያለ ማሽን ነው። በተዳፋት ላይ ወደ ጎን ሲነዳ ወይም ቦይ ዳር ሲጠጋ ይገለበጣል። ከመቀመጫው ጀርባ ያለው የብረት ቅስት ሹፌሩን የሚያድነው ቀበቶ ካሰረ ነው። ቅስቱን «ዛፍ ይነካል» ብሎ ፈትቶ የሚያስቀምጥ አለ። የጎማው መከላከያ ላይ ልጅ አፈናጦ የሚሄድም አለ። ሁለቱንም አታድርጉ።

ከኋላ ያለው ፒቲኦ፣ መውቂያውንና ፓምፑን የሚያዞረው ዘንግ፣ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ማለት ነው። በደጋው ብርድ ጋቢ ለብሶ መውቂያ አጠገብ የማይቆም ማን አለ? የጋቢው ጫፍ ዘንጉን ከነካ ሰውየው እጁን ለመሰንዘር እንኳ ጊዜ አያገኝም። የዘንጉ ፕላስቲክ መሸፈኛ ከተሰበረ ሳይተካ ሥራ አይጀመር። ጋቢውም ነጠላውም ከአውድማው ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ተሳቢ የምትጭኑ ደግሞ የጣርማ በርን ቁልቁለት አስቡ። ቁልቁለት ላይ ናፍታ ለመቆጠብ ፎሌ አድርጎ (ማርሽ አውጥቶ) መልቀቅ የተለመደ ነው። የተጫነው ተሳቢ ፍሬን ከሌለው ትራክተሩን ይገፋዋል፤ ሁለቱም ታጥፈው ገደል ይገባሉ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ አስገቡ፣ እስከ ታች በዚያው ውረዱ።

«ቅድሚያውን ከፈልኩ፤ የኔ ሆነ»

በሊዝ ከሆነ አልሆነም። የመጨረሻው ክፍያ እስኪያልቅ ድረስ ባለቤቱ የሊዝ ድርጅቱ ነው፤ እናንተ ተጠቃሚ ናችሁ። ክፍያው ከቆመ ሊወስደው ይችላል፤ ሳትነግሩት መሸጥም አትችሉም። የክፍያው ወር ከመኸር በኋላ እንዲሆን መጀመሪያውኑ ተደራደሩ። ጥር ላይ መክፈል የሚችል ገበሬ ነሐሴ ላይ እጁ ባዶ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት ማሽኑ በራሳችሁ ማሳ፣ አብሮ በሚሸጥላችሁ ማረሻ፣ አንድ ጥማድ እንዲያርስ ጠይቁ። ታንከሩን ሞልታችሁ ጀምሩ፤ ሰዓት ያዙ። ሲጨርስ እንደገና ሙሉትና ስንት ሊትር እንደገባ እዩ። ሰዓቱንና ሊትሩን በአራት ስታባዙ የአንድ ሄክታር ታገኛላችሁ፤ የብድሩን ሒሳብ የምትሠሩትም በዚህ ቁጥር ነው። ሻጩ ማሽኑን እማሳችሁ ድረስ ማምጣት ካልፈለገ ሌላ ሻጭ ጋ ሂዱ።