የሰፈር መያዣ ቤቶችና ከባንኮኒው ጀርባ የኖሩ ቤተሰቦች

የመያዣ ቤት አሠራር ቀላል ነው። ዕቃህን ይዘህ ትገባለህ። ባለሱቁ አገላብጦ ያየዋል፣ ይገምተዋል፣ ከግምቱ ዝቅ ያለ ገንዘብ ቆጥሮ ይሰጥሃል። ዕቃው እዚያው ይቀራል፣ አንተ ካርኒ ይዘህ ትወጣለህ። በቀነ ገደቡ ዋናውን ከነወለዱ ከፍለህ ታስለቅቃለህ፤ ካልሆነልህ ዕቃው ይሸጣል፣ በቃ። ዋስ አምጣ የለ፣ የደሞዝ ማስረጃ የለ። በብዙ አገር ዕዳው ከዕቃው አልፎ ተበዳሪውን አይከተልም።

ሥራው ጥንታዊ ነው። ኦሪት ዘጸአት የድሃን ልብስ በመያዣ የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳትገባ እንዲመልስ ያዛል፤ ድሃው ለብሶት የሚያድረው እሱኑ ነውና። ዘዳግም ደግሞ ወፍጮና መጅ በመያዣ መውሰድን ይከለክላል። እውነትም የሚፈጭበትን ከወሰድክበት ምን ይቀምሳል?

ብዙ ሰው መያዣ ቤት ሲባል የሚታየው የሰው ንብረት ለመዋጥ ያሰፈሰፈ ነጋዴ ነው። እንዲህ ያለ አልነበረም አልልም። የሰፈሩ መያዣ ቤት ግን ይበልጥ የሚያተርፈው ዕቃው ሲቀርለት ሳይሆን ተመልሶ ሲሄድ ነው። ያልተነሳ ዕቃ ቦታ ይይዛል፣ ብል ይበላዋል፣ መሸጡ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ያው ኮት በየሳምንቱ ቢገባና ቢወጣ ግን በገባ ቁጥር ወለድ ያስገኛል። ስለዚህ ባለሱቁ ደንበኛው ችግረኛ እንዲሆን ይፈልጋል፣ ጨርሶ እንዲወድቅ ግን አይፈልግም። ይህን ካልያዝን በነዚህ ቤተሰቦችና በጎረቤቶቻቸው መካከል የነበረውን ግንኙነት መረዳት አይቻልም።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የእንግሊዝ የሠራተኛ ሰፈሮች ውስጥ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሰኞ ጠዋት እናቶች የባሎቻቸውን የክት ልብስ በጨርቅ ጠቅልለው መያዣ ቤት ያደርሳሉ። በገንዘቡ ሳምንቱን ይገፉታል። ቅዳሜ ደሞዝ ሲገባ ልብሱ ይወጣል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይለበሳል፣ ሰኞ ተመልሶ ይገባል። ካውያ፣ አንሶላ፣ የአናጢ መሣሪያ፣ የጋብቻ ቀለበት ሳይቀር በዚሁ መንገድ ይመላለስ ነበር። የሚያስይዙት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ባልየው ኮቱ ሳምንቱን የት እንደሚከርም ጭራሽ የማያውቅበት ቤትም አልጠፋም።

በ1872 የወጣው የእንግሊዝ የመያዣ ቤት ሕግ ለአነስተኛ ብድር ወለዱን ወሰነው፤ ለ2 ሺሊንግ በወር ግማሽ ፔኒ። 2 ሺሊንግ 24 ፔኒ ነውና በዓመት 25 በመቶ ይመጣል። ሲሰሙት ብዙም አያስደነግጥም። ግን ለአንድ ሳምንት ያስያዘም የሙሉ ወር ነበር የሚከፍለው። ኮቷን በየሳምንቱ የምታመላልስ ሴት፣ ዓመቱን ሙሉ ያው ገንዘብ እጇ ላይ እያለ፣ በወለድ ብቻ ከብድሩ በላይ ትከፍል ነበር ማለት ነው። ሕጉ ማስለቀቂያውን 12 ወርና ተጨማሪ 7 ቀን አደረገው። ከ10 ሺሊንግ በላይ የተበደሩበት ዕቃ ካልተነሳ በሐራጅ መሸጥ ነበረበት፤ 10 ሺሊንግና ከዚያ በታች ያለው ግን በቀጥታ የባለሱቁ ይሆን ነበር። የድሃዋ ካውያ ሐራጅ አይታ አታውቅም።

ወደ ቤተሰቡ ስንመጣ፣ ብዙዎቹ የሚኖሩት እዚያው ሱቃቸው ፎቅ ላይ ወይም ከሱቁ ጀርባ ነው። አባት ይገምታል፣ እናት መዝገብ ትይዛለች ወይም ልብሱን ራሷ ታያለች፤ የክርኑን መሳሳትና የገበሩን መቀደድ ከሷ የሚደብቅ የለም። ልጆች ካርኒ ይጽፋሉ፣ ጥቅሉ ላይ ቁጥር በመርፌ ቁልፍ ያያይዛሉ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ሰው ባንኮኒው ላይ ተደራርቦ ካርኒውን ሲዘረጋ፣ ጣሪያ ሥር ወዳለው መጋዘን እየሮጡ የተጠራውን ቁጥር ፈልገው ያወርዳሉ። ቤቱ የሰው ልብስና የብል መድኃኒት ይሸታል። እንዲህ ያደገ ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት የሰው ገመና ቆጥሯል ማለት ይቻላል። አብሮት የሚማረው ልጅ ጫማ የት እንዳለ ያውቃል። ማወቁ ብቻውን አይበቃም፣ አፉንም መዝጋት አለበት፤ አንድ ወሬ ከወጣ ደንበኛው ሁሉ ማዶ ወዳለው ሱቅ ይሄዳል።

ሀፍረቱ በሕንፃው ላይ ሳይቀር ይታያል። የእንግሊዝ ሱቆች ብዙ ጊዜ በጎን የሚያስገባ በር ነበራቸው፣ ባንኮኒውም ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች እንዳይተያዩ በእንጨት ይከፋፈል ነበር። የሆንግ ኮንግና የማካው ሱቆች ከበሩ ወዲያው ጀርባ ትልቅ የእንጨት መከለያ ያቆማሉ፣ መንገደኛው ማን ውስጥ እንዳለ አያይም። ባንኮኒው ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ ተበዳሪው እጁን ዘርግቶ ዕቃውን ወደ ላይ ያቀብላል፣ ጸሐፊው ከላይ ሆኖ ይቀበላል። ካርኒው ደግሞ ለሌላ ሰው በማይነበብ ጽሕፈት ይሞላ ነበር፤ ደህናው ካፖርት «ያረጀ፣ ብል የበላው» ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ኋላ ዕቃው ተበላሸ ብሎ የሚከስ እንዳይኖር ነው። ብልጠት ነው፣ ግን እያዩ እንዲህ መጻፍ ያናድዳል።

ማካው ውስጥ በ1917 የተከፈተው ታክ ሴንግ ኦን የሚባለው መያዣ ቤት በ1993 ተዘግቶ አሁን ሙዚየም ሆኗል። ከሱቁ ጀርባ ያለው ማከማቻ ግንብ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቶቹ እንደ ስንጥቅ የጠበቡ ናቸው፤ ሌባም እሳትም ታስቦበት የተሠራ ነው።

ሥራውን የሚይዙት ብዙ ጊዜ እንደ መጤ የሚታዩ ሰዎች መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ክርስቲያን በወለድ እንዳያበድር ስትከለክል፣ አይሁዶች ደግሞ ከእደ ጥበብ ማኅበራት ተገልለው ነበር፤ ማበደሩ ለነሱ ቀረ። ከሰሜን ጣሊያን የመጡት ሎምባርዶችም ገቡበት። ጥላቻውም አብሮ መጣ። በ1190 ዮርክ ውስጥ አይሁዶች ሲጨፈጨፉ አጥቂዎቹ ካቴድራሉ ውስጥ የተቀመጠውን የዕዳ ሰነድ አውጥተው አቃጠሉት፤ ከሃይማኖቱ ሌላ ምን እንደፈለጉ ከዚህ ይታያል። በሲንጋፖርና በማሌዢያ ሥራው በብዛት ሃካ በሚባሉት ቻይናውያን፣ በተለይም ቻይና ውስጥ ካለው ከዳቡ አውራጃ በመጡት እጅ ነበር። አንዱ ሱቅ ይከፍታል፣ የወንድሙን ልጅ ያስመጣል፣ ልጁ እዚያው አድሮ ግምት ይማራል፣ ቆይቶ የራሱን ይከፍታል። ግምት ደግሞ ከመጽሐፍ አይገኝም። ወርቁን ጥቁር መፈተኛ ድንጋይ ላይ ፋቅ ታደርገዋለህ፣ የቀረው ጭረት ላይ አሲድ ጠብ ታደርጋለህ። ጭረቱ ከጠፋ ወርቁ ካራቱ ዝቅ ያለ ወይም ጭራሽ ሐሰት ነው። የጠፋበት ፍጥነት ምን እንደሚል የሚለየው ዓይን ግን በዓመታት ነው የሚገኘው፤ የተሳሳተ ግምት ደግሞ ከቤተሰቡ ኪስ ይወጣል። ለዚህም ባዳ ባንኮኒው ላይ ማቆም አይወዱም ነበር።

በጎ አድራጊዎችና መንግሥታትም ሥራውን ሞክረዋል። ፔሩጂያ ውስጥ በ1462 በፍራንሲስካን መነኮሳት ግፊት ድሃን ከአራጣ ለማዳን ሞንቴ ዲ ፒዬታ የሚባል የበጎ አድራጎት መያዣ ቤት ተቋቋመ፣ በሌሎች የጣሊያን ከተሞችም ተስፋፋ። ወጪውን ለመሸፈን መጠነኛ ክፍያ መጠየቁ ብዙ አከራክሮ በ1515 በሮማው ጳጳስ በሊዮ 10ኛ ዘመን ተፈቀደ። የሜክሲኮው በ1775 በማዕድን ባለሀብቱ ፔድሮ ሮሜሮ ዴ ቴሬሮስ ተመሥርቶ እስካሁን ይሠራል። ዶሮቴዩም የሚባለው የቪየናው መያዣ ቤት ከ1707 ጀምሮ አለ፤ ዛሬ ይበልጥ የሚታወቀው በሐራጅ ነው። በኢንዶኔዢያ የመጀመሪያው የመንግሥት መያዣ ቤት በ1901 ሱካቡሚ ላይ ተከፈተ። እነዚህ ከሰፈሩ ሱቅ ወለዳቸው ሊረክስ ይችላል፣ ግን ሰልፍና ቢሮ አላቸው።

በብዙ አገር የሰፈሮቹን ሱቆች ያዳከማቸው ሕግ ብቻ አይደለም። ደሞዝ ተሻሻለ፣ የማኅበራዊ ዋስትና ክፍያ መጣ፣ አዲስ ልብስ ረከሰና ያገለገለ ኮት ምንም የማያበድር ሆነ፣ ዕቃ በዱቤ መግዛትም ተለመደ። የባለሱቆቹ ልጆችም ተምረው ሌላ ሥራ ያዙ። ብዙዎቹ ወላጆችም ይህንኑ ነበር የሚፈልጉት፤ ቅዳሜ ማታ መጋዘን ለመጋዘን የሮጠ ልጅ ይህን ውርስ አልቀበልም ቢል ማን ይፈርድበታል? ዛሬ መያዣ ቤት በብዛት ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ኩባንያ ሆኗል፣ ዋናው መያዣም ወርቅ ነው። ባንኮኒው ላይ የሚያገኙት ሠራተኛ በሚቀጥለው ወር ሊቀየር ይችላል። አንዳንዱ ደንበኛ ይህን ይመርጠዋል፤ ስሙን በማያውቅ ሰው ፊት ቀለበት ማውለቅ ይቀለዋል። ቀኑ ሲያልፍበት ግን «ባሏ ታሟል፣ አንድ ሳምንት እንታገሳት» የሚል ሰው አያገኝም፤ ወይ ወለዱን ከፍሎ ያራዝማል፣ ወይ ዕቃው ለሽያጭ ይወጣል።